የቡቺ መልካም ቀኖች

«አንዲት ጉንጭ ብቻ። አንዲት! ለእኔ ብለህ።»

ዓለሚቱ በረንዳው ላይ ተንበርክካ የቡቺን ከንፈር በአውራ ጣቷ ከፍ አድርጋ ይዛለች። በሌላ እጇ መርፌው የተነቀለ ስሪንጅ አለ፤ ውስጡ የአጥንት መረቅ ነው። ገፋ አደረገችው። መረቁ በአንዱ ጉንጭ ገባና በሌላው ወጥቶ በአንገቱ ፀጉር ላይ ወረደ። ቢሆንም የቡቺ ጉሮሮ አንዴ ከፍ ዝቅ አለ።

«ዋጥክ! አይቼሃለሁ፣ ዋጥክ!»

ብድግ ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ሳሎን ገባች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር በግራ እጇ ደግፋ፣ በቅዳሜው ቁጥር ዙሪያ በእስክሪብቶ ክብ አደረገች። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቡቺ ቀን መልካም ሆኖ መዋሉ በሁለት ሰዓት ተኩል ተወስኖ አለቀ።

ክቡን ያመጣው ነህምያ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያው። ከሦስት ሳምንት በፊት መጥቶ ውሻውን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «እትዬ ዓለሚቱ፣ እኔ በአንድ ቀን አይቼ ልፈርድበት አልችልም። አብረውት የሚኖሩት እርስዎ ነዎት» አላት። «ማታ ማታ ራስዎን ይጠይቁ። በልቷል ወይ? በራሱ ቆሟል ወይ? ከተኛበት ርቆ ሸንቷል ወይ? ሳያቃስት ተኝቷል ወይ? እርስዎን ሲያይ ደስ ብሎታል ወይ? ደህና ከዋለ ክብ ያድርጉ፤ ክፉ ከዋለ ኤክስ። ኤክሱ ከክቡ ሲበዛ ያኔ እንነጋገራለን።»

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ የተሰጣት ሰው ናት ችግሩ። ዓለሚቱ ከአራት ወር በፊት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ አንዲት ሐሰተኛ ቀን ጽፋ አታውቅም። አሁን በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ካላንደሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ክብ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ክብ ለማግኘት ቡቺ መብላትም መቆምም ነበረበት። በሁለተኛው፣ ከሁለት አንዱ በቃው። በሦስተኛው ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ካለው መናኸሪያ የአውቶቡስ ጥሩንባ ሲጮኽ ጆሮውን ካነሣ፣ ክብ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ስልኳ ጮኸ። ሳታየው ማን እንደሆነ አወቀች። አዲሎ ያለችው ታላቅ እህቷ ብርነሽ ናት፤ ከትናንት ወዲህ ስትደውል ይኼ አራተኛዋ ነው።

«እንዴት አደርሽ? ሞተ?»

«ምን ማለትሽ ነው ብርነሽ! ደህና ነው። አሁን መረቅ ጠጣ።»

«እሰይ። ስሚ፣ አይሱዙው ሰኞ ጠዋት ይደርሳል፤ ጨረስኩ። አልጋሽን አትፍቺው፣ እንዳለ ይጫናል። ውሻውን የሆነ ነገር አድርጊው በቃ። ካልሆነም ለሹፌሩ ስጪው፣ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያወርደዋል።»

«ያወርደዋል? መቆም የማይችል ውሻ ወርዶ የት ሊሄድ ነው?»

«አሁን ደህና ነው አላልሽኝም?»

ዓለሚቱ «መረቁ እየገነፈለ ነው፣ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። መረቁ ከምድጃ ከወረደ ግማሽ ሰዓት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለሚቱ አላገባችም። ባላገባች ሴት ላይ ደግሞ ቤተ ዘመድ ሁሉ ድርሻ አለው። ልጅነቷን አንጋጫ፣ እናቷን ስታስታምም ጨረሰችው። ሆሳዕና ሥራ ይዛ ስትገባ የወንድሟ ሦስት ልጆች ተከትለው መጡባት፤ አሳደገች፣ አስተማረች፣ ሸኘች። ዘመድ በወለደች ቁጥር፣ ሰው በታመመ ቁጥር፣ «ዓለሚቱ ትጠራ» ይባላል። የራሷ እያረረባት የሰው ስታማስል አርባ አምስት ዓመት ሞላት። ያኔ ነው አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ በካርቶን ቡችላ ያመጣላት። ቡቺ አለችው፤ አርጅቶም የቡችላ ስሙ አልተቀየረለትም።

ከዚያ በኋላ ስትጠራ፣ «ውሻዬን ለማን ትቼ?» አለች። እንዲያው ለሙከራ ነበር ያለችው። ሠራ! ደክሞኛል ስትል ያልሰሟት፣ ሥራ አለብኝ ስትል የተቆጧት ሰዎች፣ በውሻው አመኑ። የከብት አገር ሰዎች ናቸው፤ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ጓሮ የታሰረ እንስሳ ተርቦ ይደር ብሎ የሚፈርድ ከመካከላቸው አልተገኘም። ይኼው አሥራ አራት ዓመት፣ ዓለሚቱ አንድ ቀን አድራ የምትመለስ ሴት ሆነች። በሯን ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ትዘጋለች። ቅዳሜ ከሰዓት እግሯን ዘርግታ ሬዲዮ ትሰማለች፤ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይላትም።

አሁን ጡረታ ወጣች፤ ውሻውም ሊሞት ነው። ብርነሽ ደግሞ ሱቋንና አራት የልጅ ልጆቿን ብቻዋን አልቻለችምና እህቷን ጠቅልላ አዲሎ ልትወስዳት ነው። ዓለሚቱ አዲሎ መሄድ አትፈልግም። እህቷን ትወዳለች፣ ልጆቹንም ትወዳለች፤ አብራቸው መኖር ግን አትፈልግም። ይኼን ለሰው ቀርቶ ለራሷም ድምፅ አውጥታ ተናግራ አታውቅም። የሚናገርላት ቡቺ ነበር፤ እሱ ደግሞ በረንዳው ላይ ተኝቶ ያቃስታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ከፀሐይ ወደ ጥላ ጎተተችው። አራት ሰዓት ላይ በረደው ብላ ወደ ፀሐይ መለሰችው። ስትጎትተው ጮኸ። ግቢውን ጠረገች፤ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች። ሽንኩርት መክተፍ ጀመረችና ግማሹን ትታ ወደ በረንዳው ሮጠች፤ እየተነፈሰ ነው። ከአጥሩ ማዶ ወያላው «አዲሳባ! አዲሳባ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሁለት ሰው እንደቀረው ነው። በሩን ከፍታ አየች፣ ማን እንደምትጠብቅ ሳታውቅ፣ መልሳ ዘጋችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ነህምያ ደወለ።

«እትዬ፣ ሰኞ ለሥልጠና ልሄድ ነው፤ ሦስት ሳምንት አልኖርም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእርስዎ በኩል አልፋለሁ። ካሰቡበት የሚያሳርፈውን መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ። ካላሰቡበትም ዝም ብዬ አይቼው እሄዳለሁ።»

«ሦስት ሳምንት?»

«ሦስት ሳምንት። ካላንደሩ ምን ይላል?»

«ጥሩ ነው» አለች ዓለሚቱ። «ክቡ ይበዛል።»

ስምንት ሰዓት ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ፣ ነህምያ ቀድሞ መጣ ብላ ልቧ ስንጥቅ አለ። ከፈተችው። ነህምያ አይደለም። የመለዋወጫ ሱቅ ያለውና የቤተ ክርስቲያኑን የሕሙማን ጥየቃ የሚመራው ወንድም ኤልያብ፣ በአንድ እጁ ሙሉ የሙዝ ዘለላ፣ በሌላው ሚሪንዳ ይዞ ቆሟል። ብብቱ ሥር ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ሸጉጧል። ከኋላው ወይዘሮ ሊሻን አሉ፤ ዱራሜ ሠላሳ ዓመት በጤና ረዳትነት አገልግለው እዚህ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አሮጊት።

«ሰላም ለዚህ ቤት!» አለ ኤልያብ።

ዓለሚቱ ያኔ ትዝ አላት፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ረቡዕ ለጾም ጸሎቱ ፕሮግራም በብጣሽ ወረቀት የጸሎት ርዕስ አስገብታ ነበር። «በቤቴ ታማሚ አለ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፤ ምግብም እምቢ ብሏል። ጸልዩለት። ዓለሚቱ።» ውሻ የምትለዋን ቃል ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ አፍራ ተወችው። ለውሻ ጸልዩ ተብሎ እንዴት ይነበባል? እግዜር ያውቀው የለ ብላ አጠፈችው።

ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሊሻን ከካላንደሩ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ያዙ።

«እህት ዓለሚቱ፣ እንዴት ሳትነግሪን!» አለ ኤልያብ፣ ከልቡ አዝኖ። «አሥራ አራት ዓመት! ገና ምኑን አይቶ! የወንድምሽ ልጅ ነው?»

«አይ… እኔጋ ነው ያደገው።»

«ተባረኪ። የሰው ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ሐኪም ምን አለ?»

«ሐኪሙ… ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«ቤት ድረስ! ደግ ሐኪም ነው። በሉ አስቀድመን እንጸልይ።» ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ፣ ድምፁም ግቢውን ሞላው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ብላቴና አንሣው! ተምሮ ለወገን የሚጠቅም፣ ለዚህች እህት የእርጅናዋ ምርኩዝ የሚሆን…»

አሜን የሚባልበት ቦታ ሲደርስ የዓለሚቱ ምላስ ተሳሰረ። በዚህ መሃል ከጓሮ በረንዳው ቡቺ ረጅም አቃሰተ።

«ይኸው፣ ሰምቷል!» ኤልያብ ዓይኑን ገልጦ ወደ ጓሮው በር ተንደረደረ። «እጅ ልጫንበት።»

ዓለሚቱ ዘላ በሩን በጀርባዋ ያዘችው። «ወንድም ኤልያብ፣ ልጅ አይደለም።»

«እሺ፣ ወጣት ነው እንበላ።»

«ውሻ ነው።»

ውጭ ወያላው «አንድ ሰው የቀረው!» አለ። ኤልያብ መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ሙዝ አየ።

«ውሻ» አለ።

«ውሻ ነው። ቡቺ ይባላል።»

«ረቡዕ ዕለት ስድሳ ሰው ተንበርክኮ አልቅሷል እኮ እህቴ! እኔ ራሴ አልቅሻለሁ!»

«ልጅ ነው አላልኩም…»

«ውሻ ነውም አላልሽ!»

ወይዘሮ ሊሻን በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቁን ጨርሰው እንባቸውን ጠረጉና ተነሡ። «በል ኤልያብ፣ የታመመ ልንጠይቅ ብለን መጥተናል፤ የታመመ አለ። ላየው» አሉ።

ዓለሚቱ ከበሩ ዞር አለች። ኤልያብ እንደተናደደ ተከትሎ ወጣ፤ ቡቺን ሲያይ ግን ንዴቱ ከፊቱ ጠፋ። ውሻው ጎኑን ተኝቷል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ዝንብ ዓይኑ ሥር ተቀምጣ የሚያባርርበት አቅም አልነበረውም። «ኧረ ይኼስ በጣም ታሟል» አለ ኤልያብ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወይዘሮ ሊሻንን፣ «እኔ ደጅ ልጠብቅዎ» ብሏቸው ወጣ።

ወይዘሮ ሊሻን ዱካ ስበው ተቀመጡ። በቡቺ ዳሌ ላይ ዓለሚቱ ያለበሰችውን ጨርቅ ገለጥ አደረጉ። ሽታው ወዲያው መጣ። ቁስሉ የእጅ መዳፍ ያህላል።

«ይኼን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«ውስጥ ካላንደሩ ላይ በየቁጥሩ የተከበበው ምንድን ነው?»

ዓለሚቱ ነገረቻቸው፤ ክቡንም ኤክሱንም።

«ሰኞስ ምን አደረግሽ?»

«ክብ።»

አሮጊቷ ጨርቁን ቀስ ብለው መለሱት። «የእንስሳ አላውቅም። የአስታማሚ ግን አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሲዋሸኝ ኖሯል። አንዳንዱ ለበሽተኛው ብሎ ይዋሻል፤ አንዳንዱ ለራሱ። የአንቺ ለማን ነው?»

«ሰኞ መኪና ይመጣል!» ዓለሚቱ ራሷ ባልጠበቀችው ድምፅ ጮኸች። «አይሱዙ ይመጣል እትዬ ሊሻን! አልጋዬን እንዳለ ሊጭኑት ነው። እሱ ካለ እምቢ ማለት እችላለሁ። ከሞተ ምን እላቸዋለሁ? እስኪ ምን እላቸዋለሁ?» ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አንጋጫን፣ የወንድሟን ልጆች፣ የብርነሽን ሱቅ። እያለቀሰች ነበር። «እወደዋለሁ፤ በእግዚአብሔር ስም እወደዋለሁ! ግን ጠዋት መረቁን ስግተው ለእሱ አልነበረም። አውቄዋለሁ።»

ወይዘሮ ሊሻን አላባበሏትም። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «እንግዲህ ይኼ ውሻ ሁለት ሥራ ይዟል» አሉ። «አንዱ መታመም ነው። ሌላው በእህትሽ ፊት ስለ አንቺ መቆም። መታመሙ ብቻ ይበቃዋል ልጄ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ሙዙን ብዪው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል የቀመስሽ አትመስዪም» አሏት።

ብቻዋን ቀረች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። በረንዳው ላይ ወዲህ ወዲያ አለች። ሄዳ የቡቺን ዓይን ለማየት ሞከረች፤ ባየችው ቁጥር የምታየው አይሱዙውን ነው። ቢተነፍስ ደስ ይላታል፣ ለምን ደስ እንዳላት ስታውቅ ታፍራለች። በዚህ ዓይን በማንም ላይ መፍረድ እንደማይቻል ገባት። ስልኳን አወጣች። ሁለቴ ተሳስታ በሦስተኛው የእህቷን ቁጥር አገኘችው።

«ሞተ?» አለች ብርነሽ።

«አልሞተም። ብርነሽ፣ ሰኞ መኪናው አይምጣ።»

«ለአንድ ሳምንት ነው የምታራዝሚው? እሺ፣ እስኪሞት…»

«እስኪሞት አይደለም። ቢሞትም አልመጣም።»

«ታመሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። እዚህ መኖር ስለምፈልግ ነው።»

ከብርነሽ ኋላ የልጅ ልጆቿ ይንጫጫሉ። «ይኼ ደግሞ ምክንያት ነው?»

«ነው። ለእኔ ምክንያት ነው።»

«ቤቱን እኮ ለተከራይ ቃል ሰጥቻለሁ! አንዲት አስተማሪ ናት፣ ጨዋ ልጅ…»

«የእኔን ቤት?»

«የአንቺን ነዋ! አንቺ እዚህ ስትሆኚ ባዶውን ሊቀመጥ ነው? እኔ ያንቺ ብቸኝነት እንቅልፍ ቢነሣኝ ነው ዓለሚቱ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሰውስ ምን ይለኛል?»

«የሚለውን ይበል። ለገና እመጣለሁ። ሳምንት አድሬ፣ ልጆቹን ይዤልሽ፣ እመለሳለሁ። ለመኖር ግን አልመጣም።»

ብርነሽ ሳትሰናበት ዘጋችው። ዓለሚቱ ሰማዩ የሚወድቅ መስሏት ቆማ ጠበቀች። ወያላው «አዲሳባ» እንዳለ ነው። እህቷ አሁን ሱቋ ውስጥ ሆና እያለቀሰች እንደሆነ ታውቃለች፣ አዘነችም። መልሳ ግን አልደወለችም።

ከዚያ ቡቺ ዘንድ ሄዳ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። አየችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ እሱን ብቻ ስታይ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። ሲተነፍስ ጎኑ ከፍ የሚለው በስንት ትግል ነው። ከንፈሩ ላይ የጠዋቱ መረቅ ደርቋል፤ ከዋጠው ይልቅ የደረቀው ይበዛል። የተኛበት ረጥቧል። ስሙን ስትጠራው ጭራው አልተነቃነቀም፤ ዓይኑ ብቻ ፈልጎ አገኛትና እዚያው ቀረ። ደክሞታል። ከደከመው ብዙ ቀን ሆኖታል።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «ወይኔ ቡቺዬ፣ ይቅር በለኝ።»

ነህምያ በዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ቦርሳውን አንግቶ ገባ። ወጣት ነው፤ መጥፎ ወሬ ይዞ እንደመጣ ሰው በሩ ላይ እግሩን ደጋግሞ ይጠርጋል።

«እንዴት ዋሉ እትዬ? ካላንደሩን ልየው?»

«ተወው። ውሸት ነው የጻፍኩበት።»

ነህምያ አልተገረመም። ተንበርክኮ ጨርቁን ገለጠ፣ ድዱን አየ፣ ልቡን አዳመጠ። ቀና ብሎ ሊናገር ሲል ቀደመችው።

«ያመዋል። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ያመው ነበር። መድኃኒቱን ይዘህ መጥተሃል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ስጠው።»

ቦርሳውን ከፍቶ ሁለት ብልቃጥ አወጣ። «የመጀመሪያው ያስተኛዋል። እንቅልፍ ብቻ ነው፤ አይሰማውም። ሁለተኛውን የምሰጠው ከተኛ በኋላ ነው።» መርፌውን እያዘጋጀ ወደ ሳሎኑ በር በአገጩ አመለከታት። «እርስዎ ውስጥ ሆነው በሩን ይዝጉት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሲያልቅ እጠራዎታለሁ።»

ዓለሚቱ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ውሻው ተጠጋች። ከባዱን ጭንቅላት በሁለት እጇ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችውና ጆሮውን ማሻሸት ጀመረች።

«አንተ ሥራህን ሥራ» አለችው ነህምያን። «እኔ እዚሁ ነኝ።»